ጠፍሩና ማረጋገጫው

ወረታ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር የግብረ ገቡ መምህር «ምግባሩን ለእኔ ተወው፤ አንተ ቁጥርህን ያዝ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ማረጋገጫ ያልሠራ ተማሪ መልሱ ልክ ቢሆንም ከእኔ የሚያገኘው ዜሮ ነው። የራስህን መልስ መልሰህ ካልፈተንኸው ሐቀኛ አይደለህም እላለሁ። ዛሬም ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

በክፍሉ አንዲት ልጃገረድ ነበረች። አባቷ የፎገራ ገበሬ ነው። ሊድራት ቆርጦ ሳለ ደጅ ጠንቼ «እስቲ ይህን ዓመት ትማር» ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ከተቀየመ ከትምህርት እንደሚያስቀራት እሷም እኔም እናውቃለን።

በዚያ ዓመት ጎርፉ የአባቷንና የአጎቷን ወሰን ጠርጎ ወሰደው። ሽማግሌዎች እኩል ይካፈሉ አሉና ለኪው እኔ ሆንሁ። ደስ ብሎኝ ተማሪዎቼን አስከትዬ ሄድሁ። የሜትር ገመድ ስላልነበረን ከበሬ ቆዳ የተተለተለ ጠፍር ያዝን። በመጀመሪያው ቀን ማሳው ከዳር እስከ ዳር ሃያ አራት ጠፍር ሆነ። በማግስቱ ለአባቷ ዐሥራ ሁለት ለክቼ ችካል አስተከልሁና አጎቷን «ከዚህ ወዲያ ያለው ያንተ ነው፤ መለካትም አያሻው» አልሁት። ሁሉም ተስማማ።

ልጅቱ የጠፍሩን ጫፍ አልለቀቀችም።

«መምህር፣ ማረጋገጫውስ?» አለች። አባቷ ዞር ብሎ አያት።

በሰው ፊት በመሆኑ ተናደድሁ፤ አልዋሽም። ግን ደንቡ የራሴው ነው። ለካን። የአጎቷ ድርሻ ዐሥራ አንድ እንኳ አልሞላም። ለካ ጠፍሩ ጠዋት ቦይ ውስጥ ወድቆ ርሶ ኖሯል፤ የራሰ ቆዳ ደግሞ ስለሚለጠጥ የአባቷ ዐሥራ ሁለት ከግማሽ አልፏል። ከብት ባለበት አገር ተቀምጬ ይህን መዘንጋቴ አሳፈረኝ። «ተሳስቻለሁ» አልሁ። ድርሻቸው እኩል እስኪሆን ድረስ ችካሉን ወደ አባቷ በኩል አስገባነው። አባቷ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ሰኞ ቦታዋ ባዶ ነበር። ጠመኔ ይዤ ምን እንዳስተማርሁ አላውቅም። እኔ ሰንፌ ልጅቱን አስቀረኋት ብዬ ራሴን ወቀስሁ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆመች። ክንዷ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ አለ።

«ትናንት አባቴን ተከትዬ ይፋግ ገበያ ወርጄ ነው የቀረሁት» አለች። «ይህን ልኮልዎታል። ቢርስም አይለጠጥም፣ ከእንግዲህ በዚህ ይለኩ ብሏል። ጫፉንም እኔ እንድይዝ።»