«እስማማለሁ» ያልኩበት ዱቡሻ

ቅዳሜ ማለዳ ከአርባ ምንጭ የጨንቻን ሚኒባስ የያዝኩት ለክፍሌ ምሳሌ ፍለጋ ነው። የአሜሪካን የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ «ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የጻፉት ሰዎች ቤታቸው ባሪያ ነበራቸው። አያዩም ነበር?» እኔም «ዘመኑ ነዋ!» ብዬ አልፋለሁ። ባልደረባዬ ጎዳና ግን፣ ብዙኃኑ ጥቂቱን እንዳይውጠው የአሜሪካ አሳቢዎች የነበራቸውን ስጋት ሳወራ ሰምቶ፣ «እኛ አገር፣ ጨንቻ፣ አንድ ሰው እንቢ ካለ ነገር አይወሰንም፤ መጥተህ እይ» አለኝ። በደስታ ዘለልኩ።

ዳገቱ

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው የአባያ ሐይቅ ከኋላችን ቡናማ ሆኖ ተዘረጋ። ከፍ ስንል ጉም ዋጠን፤ ቀርከሃውና እንሰቱ ብቅ ጥልቅ ይላል። እኔ የወሎ ልጅ፣ ብርድ አውቃለሁ ብዬ በሸሚዝ መጥቼ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ጎዳና ሳቀብኝ። ከጨንቻ አለፍ ብለን በእግር ወደ መንደሩ ወረድን። እናቱ ትኩስ ቆጮ በዳጣ አቀረቡልን። ዳጣው እንባዬን አወረደው፤ ብርዱም ለቀቀኝ።

ሜዳው

ዱቡሻ የመንደሩ ሸንጎ ነው፤ ሰው ሜዳ ላይ ተቀምጦ በየተራ ይናገራል። ስንገባ ከሜዳው ዳር አንዲት ሴት ቆማለች። ድስት የምትሸጥ መስሎኝ አለፍኳት።

የዕለቱ ጉዳይ ከመንደሩ በታች ያለውን ተዳፋት ለአፕል ችግኝ ማጠር ነበር። ጎዳና በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። ሁሉም ሲስማማ አንድ ጎልማሳ «የጥጃዬ መንገድ ይዘጋል» ብሎ ተነሳ። በሆዴ፣ እጅ አውጥተው ይገላገሉት እንጂ አልኩ። ማን ሊያወጣ! እስከ ቀትር ለመኑት፣ አጥሩን በሐሳብ ወዲህ ወዲያ ገፉት፤ በመጨረሻ መንገድ ተዉለትና እሺ አለ። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው! አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዳውስ ምን ይላል? እዚህ ተቀምጦ ዝም አይባልም።»

እኔን? ጠዋት የመጣሁትን? ኩራት ኩራት እያለኝ ብድግ አልኩና «እስማማለሁ!» አልኩ። ውሳኔው ተመረቀ፤ ሸንጎው ተበተነ።

ስንወጣ ሴትየዋ አሁንም እዚያው ቆማለች። እጇ እስከ ክንዷ የደረቀ ጭቃ ነው።

«መምህር፣ አንተም እሺ አልክ አሉ» አለችኝ፤ ጎዳና ይተረጉማል።

«ስለ ምኑ፣ እናቴ?»

«ስለ አጥሩ። የእኔ ሸክላ አፈር እዚያ ውስጥ ነው። የሌላው ቦታ አፈር ይሰነጠቃል። አሁን በምን ልሠራ ነው?»

«ታዲያ ለምን ገብተው አልተናገሩም?»

ጎዳናን አየችው። ጎዳና አቀረቀረ።

«ሸክላ ሠሪዎች ዱቡሻ አይቀመጡም» አለ ቀስ ብሎ። «የድሮ ነገር ነው።»

«የዛሬ ጠዋት ነው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ክው ነው ያልኩት። አንድ ሰው እንኳ አይቀርም ሲባል ልቤ ሞቆ ነበር፤ ለካ የሰዉ ቁጥር የሚያልቀው ሜዳው ዳር ላይ ነው።

ሮጬ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። «ቃሌን አንስቻለሁ፤ አልስማማም» አልኳቸው። ጎዳና ሲተረጉምላቸው ደንግጠው አዩኝ።

«ተመርቋል እኮ፣ ልጄ! ሁሉም ሰው እሺ ብሏል፤ አንተም ብለሃል። ማን ቀረ?»

በቅን ልብ ነው የጠየቁኝ። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

መልስ

በሚኒባስ ወደ ታች ወረድን። የአርባ ምንጭ ሙቀት ሲቀበለን ጎዳና «በሚቀጥለው ዱቡሻ እኔ አነሳላታለሁ» አለ።

«ራሷ ገብታ ለምን አትናገርም?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ያችው ጥያቄ መጣች፦ «መምህር፣ አያዩም ነበር?»

«ያዩ ነበር» አልኳቸው። «እኔም ቅዳሜ አይቻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነበር። ድስት የምትሸጥ መስሎኝ ነው።»