ለኪቦርድ ያልታዘዙት ዋሽንቶች

ሩሐማ እልኸኛ ናት። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አብረን ስንሠራ ሦስት ዓመት ታዝቤያታለሁ፤ «አይሆንም» ያላት ሰው ሁሉ ተጸጽቷል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ትጫወታለች። በሥራ ቀን ደግሞ ደንበኛ ሲጠፋ ላፕቶፕዋ ላይ እንዳፈጠጠች ነው።

በ2007 ዓ.ም. ከሚዛን ብዙም ወደማትርቀው ሸዋ ቤንች ሄዳ የአጎቷን የጴጥሮስንና የሰባት ጓደኞቹን የቀርከሃ ዋሽንቶች ድምፅ ቀዳች። የእነሱ ዋሽንት በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው ስምንቱ ሰዎች እየተቀባበሉ ሲነፉት ነው። እሷ እያንዳንዱን ለብቻው ቀድታ፣ ኪቦርድ ሲነካ ዋሽንቱ እንዲሰማ በኮምፒውተር አሰናዳችው። ማንም ሙዚቀኛ በነጻ እንዲወስደው ነበር ሐሳቧ።

የሚያሰራጭላት አዲስ አበባ ስቱዲዮ ያለው ብሩክ ነበር። ሰምቶት ደወለ። ከስምንቱ ሦስቱ ድምፆች ቅኝታቸው ከኪቦርዱ ጋር ይጣላል፣ ካላስተካከልሻቸው እኔ የለሁበትም አላት። የመጀመሪያ ሥራዋ ነውና ፈራች፤ በኮምፒውተሩ ከፍና ዝቅ እያደረገች አስተካከለቻቸው። አልዋሽም፣ እኔም ወድጄው ነበር።

ቢሆንም ባለቤቶቹ ሳይሰሙት አልልክም አለችና ቅዳሜ ላፕቶፑን፣ ኪቦርዱንና ስፒከሩን ይዘን ሸዋ ቤንች ሄድን። ሽማግሌዎቹ ዋሽንቶቻቸውን ይዘው ጠበቁን። በተስተካከሉት ድምፆች የገዛ ዘፈናቸውን ተጫወተችላቸው። ጴጥሮስ እንዳያስቀይማት ተጠንቅቆ ጠየቃት።

«ጥሩ ነው ልጄ። የየት አገር ነው?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በእሷ ፈንታ እኔ አፈርኩ። እሷ ግን ያልነካችውን ቅጂ ከፈተችና እንደገና ጀመረች። አራተኛው ድምፅ ላይ ስትደርስ ሆን ብላ ዘለለችው። የዚያ ዋሽንት ባለቤት አሞጽ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በቦታው ነፋ። አምስተኛውንም ተወችው፤ ባለቤቱ ገባበት። እንዲህ አንድ አንድ እያለች ሁሉንም ለቀቀችላቸው። በመጨረሻ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች፤ ዘፈኑ ያለ እሷ ቀጠለ። ያን ጊዜ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት ኔትወርክ ሲመጣ ያልተነካውን ቅጂ ራሷ ኢንተርኔት ላይ መጫን ጀመረች። ብሩክ ደወለ። ስልኩ ድምፁ ጎላ ያለ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ከኪቦርድ ጋር የማይስማማ ነገር ማን ይወስዳል ብሎ ተቆጣ።

«ኪቦርድህን ወደ እነሱ አስተካክለው» አለችው። «ፕሮግራሙ ያስችላል፣ ደቂቃ አይፈጅም።»

«እንዲህ ከሆነ ስሜን ከሥራው ላይ አውጪልኝ።»

ሩሐማ እያንዳንዱን ድምፅ በባለቤቱ ስም ነበር ያስቀመጠችው። ጴጥሮስ፣ አሞጽ እያለች ስምንቱንም አንድ በአንድ ጠራችለት።

«ያንተ አልነበረበትም» አለችውና ስልኩን ዘጋችው።