እናቴ ስልኩን የጠየቀችው

ዛሬ ጠዋት ከቀራንዮ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳ ላይ ስትጽፍ አየሁ። የሰው ስልክ ማየት ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አየሁ። «ጠዋት ጠዋት ጣት የሚደርቀው ለምንድነው» ይላል። የምትጽፈው በአንድ ጣት ነው፤ ሌሎቹ አብጠዋል። እነዚያን ጣቶች አውቃቸዋለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የእኔ ነበሩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር የጀመረኝ። ጠዋት ስነሳ እጄ አልዘረጋ ይለኛል፣ የዩኒፎርሜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ እናቴ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነና «ብርድ ነው» አለ። እውነተኛው ሐኪም ግን ደሜን አስመርምሮ የመገጣጠሚያ ብግነት መሆኑን ነገረንና ክኒን አዘዘ። እናቴ ኮልፌ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ናት።

«ክኒን ብርድ ያወጣል እንዴ?» ብላ መድኃኒቱን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። በምትኩ ቅቤ አቅልጣ ጣቶቼንና ጉልበቴን ታሸኝ ጀመር። ክትፎ ክትፎ እየሸተትኩ ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አንድ ሰውዬ ግራ ቀኙን አሽትቶ «ኧረ ጾም ላይ ነን፣ ተዉ!» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ስልኬ ላይ እደፋለሁ። ቁርጥማት ወጣት ይይዛል? በሎሚ ይድናል? አንዱ ቲማቲም ተዪ ይላል፣ ሌላው ቲማቲም ብዪ። ዋና ጥሩ ነው የሚልም አገኘሁ። ቀራንዮ ውስጥ የት ልዋኝ? ጎርፉ ውስጥ?

«ምን ይልሻል?» አለችኝ እናቴ።

«ክኒኑን ዋጪ ይለኛል።»

«እስቲ እኔ ልጠይቀው።»

በድምፅ እንዴት እንደሚጠየቅ አሳየኋት። ስልኩን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ይዛ «እንደምን ዋልክ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አለችው። ጥያቄዋ ላይ ሳትደርስ ስልኩ የሰላምታ ካርድ ከነአበባው ዘረገፈላት።

«እማዬ፣ ሰላምታ አያስፈልገውም! በቀጥታ ጠይቂው።»

«ቸግሮኝ ሰው ዘንድ ሄጄ ሰላም ሳልል? ባለጌ አታድርጊኝ!»

በማግስቱ ስልኬን ቤት ትቼ ሄጄ ነበር። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው እናቴ ጮክ ብላ ነበር የምታወራው፤ ሰላምታውን ጨርሳለች።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ ያሳጠብኳት እኔ ነኝ። በጠዋት እየቀሰቀስኩ። ውሃው ነው ወይ ልጄን ያሳመማት?»

ደጃፉ ላይ ቀረሁ። እስከዚያ ድረስ ግትርነት ነበር የመሰለኝ። ለካ ብርዱን ያመጣሁባት እኔ ነኝ ብላ ነው፣ በገዛ እጇ አሽታ ልታወጣው የፈለገችው።

እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም። «ውሃው አይደለም!» አልኩ ከውጭ።

«በስመ አብ! እንዴት ቶሎ መለሰ!» ብላ ዞር ስትል አየችኝ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ? እሱን ነው የጠየቅኩት!»

«እኔ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ውሃው አይደለም ያመጣው። ደግሞ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ቅቤ ስታጥቢ አይደል የኖርሽው? እስቲ እጅሽን አሳዪኝ!»

እጇን ገልብጣ አየችው። ወፍራም፣ በቅቤ የወዛ፣ ጤነኛ እጅ። ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ክኒኑን አወረደች።

«ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

ክኒኑ እንደ ተረት በአንድ ሌሊት አላዳነኝም። ክረምቱን ሙሉ ተነጫነጭኩ። ትምህርት ሲከፈት ግን ዩኒፎርሜን ራሴ ቆለፍኩ። እናቴ አንዱን ቁልፍ ፈትታ እንደገና ቆለፈችው፤ ልማድ ሆኖባት።

ስልክ ላይ መጀመሪያ የምንጽፈው ጥያቄ ቀላሉ ነው። ሰው የሚጨነቅበት ከሱ ኋላ ያለው ነው። አጠገቤ ያለችው ልጅም ሁለተኛውን ጀመረች። «ቁርጥማት ያለባት ልጅ» ላይ ስትደርስ ስልኳን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«እኔም አለብኝ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለች ተኮሳትራ።

እውነቷን ነው። እናቴ ብትሰማ ታፍርብኝ ነበር።

«እንደምን አደርሽ?» አልኳት። «ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

ሳቀች። ከዚያ ስልኳን ወደኔ አዞረችው።