ለሐኪሙ ያልተረጎምኩት መልስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለጸሎት ጓደኞቼም። አንተ የምታነበው ግን አታውቀኝምና ስማኝ።

እናቴ ሶዶ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ኖራ አንድ ክረምት ትንፋሽ አጠራት። ሐኪሙ ሳንባዋን ውኃ ከብቦታል ብሎ ከጀርባዋ በመርፌ ብጫ ውኃ ቀዳ። ውኃው ተመረመረ፤ ጀርም አልተገኘበትም። ሐኪሙ ከሌላ አካባቢ የመጣ አማርኛ ተናጋሪ ስለሆነ ወላይትኛ አይችልም። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

«ጀርሙ ባይታይም ቲቢ ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ቤት ውስጥ የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው አለ? እስቲ ጠይቃቸው።»

ጠየቅኋት። እናቴ ዓይን ዓይኔን እያየች በወላይትኛ፣ «አንተው ነህ እንጂ ልጄ፤ ንገረው» አለች።

አዎ፣ እኔው ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ሰው እንዳያየኝ ወደ ሌላ ከተማ፣ አረካ፣ እየተመላለስኩ ታክሜአለሁ። ከእናቴ በቀር ያወቀ አልነበረም። የሠርጌ ቀን ደግሞ ተቆርጦ ነበር፤ የእጮኛዬ አክስት ሐኪሙ በሚሠራበት በዚያው ክፍል ነርስ ናት። ካርዱ ላይ ቢጻፍስ? የሳንባ በሽተኛ ነው ብለው ቢከለክሉኝስ?

«የለም» አልኩት።

ሐኪሙ ካንሰር ጠርጥሮ ወደ ሐዋሳ ላካት። ውኃው ይቀዳል፣ ተመልሶ ይሞላል። በየቀጠሮው ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ሄድኩ፤ በየቀጠሮው ዝም ብዬ ተመለስኩ። መጀመሪያ ለሠርጌ ስል ዋሸሁ፤ ኋላ ደግሞ ለምን ዋሸህ እንዳልባል። መውጫ አጣሁ። በመጨረሻ ከሳንባዋ ሽፋን ቆንጥረው ሲመረምሩ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ አዳናት፤ ሽፋኑ ግን ወፍሮ ሳንባዋን አስሮታል፤ ከእንግዲህ በደንብ አይዘረጋም ተባልን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የደበቅሁት የራሴን ነበር፤ መድኃኒት ያጣችው ግን እሷ።

ዛሬ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ዳገቱን ስትወጣ እየቆመች ጋቢዋን ታስተካክላለች፤ ትንፋሽ እየሰበሰበች መሆኑን አውቃለሁ። ሚስቴ ስትጠይቃት «ብርድ ነው የመታኝ» ትላለች።

አማርኛ አትሰማም እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አታለልኩ! ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ የዋለች ሴት «አለ»ንና «የለም»ን አታውቅም? ሰምታኛለች። ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እስከ ዛሬም ስለዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በሽታውን የሰጠኋት እኔ፤ ስሙን የደበቅሁባት እኔ። ይቅርታ ልጠይቃት ስል ሚስቴ ትሰማለች ብዬ እፈራለሁ።

ትናንት እንግዶች መጥተው ሲያስላት አዩና፣ «ምን ሆነው ነው?» አሉኝ። እናቴ እያየችኝ ነበር።

«ብርድ ነው» አልኳቸው።