በማማ ምጎይ ቁጥር

በታይታ ኮረብቶች ላይ ካሉት በሽተኞች ሁሉ የባሰበት ማን እንደሆነ ዋኬሾ ያወቀችው አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ማንዳዚዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ኮምፒውተሯን ስትከፍት ነው። በሽተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ወልዷል። ባለፈው ጥር ተገርዟል። የፕሮስቴት ሕክምና ይከታተላል፤ ደም ግፊትም አለበት፤ አራት የወተት ጥርስ ተነቅሎለታል። ዕድሜው አንድ ቦታ ላይ ሰማንያ ስድስት ዓመት፣ ሌላ ቦታ ላይ ሦስት ሳምንት ይላል።

«ይሄ ሰው እስካሁን እንዴት አልሞተም?» አለች።

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሙቱንጋ ቀና አለ። አዲሱን የካርድ መመዝገቢያ የሠራው የናይሮቢው ድርጅት የላከው መሐንዲስ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጫማው ግን ለኮረብታ አልተሠራም።

«ሰው አይደለም፤ ስልክ ቁጥር ነው» አላት። «መቶ አሥራ ሰባት ካርድ በአንድ ቁጥር ተመዝግቧል። ማሽኑ አንድ ሰው መስሎት ነው የደራረባቸው።»

«የት ጤና ጣቢያ?»

«ምቤላ።»

ዋኬሾ ማንዳዚዋን አስቀመጠች። ምቤላ እሷ ሥራ የጀመረችበት ቦታ ነው። ዛሬ የአውራጃው ጤና ቢሮ የመረጃ ኃላፊ ትባል እንጂ፣ ከዚያ በፊት ምቤላ ካርድ ክፍል ውስጥ አቧራ ስትውጥ አምስት ዓመት ኖራለች። የአሥራ አራቱ ጤና ጣቢያዎች ካርድ ከየመደርደሪያው ወጥቶ ክላውድ፣ ማለትም ደመና፣ የሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ይግባ ሲባል ሥራው እሷ ላይ የወደቀውም ለዚሁ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከኮረብታ ኮረብታ ተንከራታለች። ነርሶች አስተምራለች። የይለፍ ቃሉን እንዳይረሳ የክትባት ፍሪጁ በር ላይ በቀለም የጻፈውን ነርስ ተቆጥታለች፤ ከዚያ ወጥታ መንገድ ላይ ብቻዋን ስቃለች። አሁን የቀረው የመጨረሻው ማጣሪያ ብቻ ነበር። አርብ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አሮጌው መዝገብ ይዘጋል፤ አዲሱም ያልተረጋገጠውን ካርድ ሁሉ ይቆልፋል።

«የሌሉ ሰዎች ናቸው» አለ ሙቱንጋ። «ሪፖርት እንዲያምርላቸው ስም እየፈጠሩ ሞልተዋል። ሌላም ቦታ አይቻለሁ። አርብ ይቆለፉ።»

መቆለፍ ማለት ካርዱ አይከፈትም፣ የቀጠሮ መልእክትም አይላክም ማለት ነው። ባለቤቱ ካለ መታወቂያውን ይዞ መጥቶ እንደ አዲስ ይመዘገባል። የምቤላን አቀበት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከመቶ አሥራ ሰባቱ መካከል አሥራ አንድ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ፤ መድኃኒታቸው ለአንድ ሳምንት እንኳ መቋረጥ የሌለበትም ነበሩ። ዋኬሾ የቀጠሮውን ዝርዝር ስታወጣ ደግሞ ሌላ ጉድ አየች። ከአውራጃው ሁሉ ቀጠሮ በማክበር አንደኛ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

«የሌለ ሰው እንዴት ቀጠሮ ያከብራል?» ብላ ጠየቀችው።

«የፈጠረው ሰው ትጉ ነዋ።»

«አንተ መቼም መልስ አታጣ» አለችና ቁጥሩን ደወለች። በሦስተኛው ጥሪ የአሮጊት ድምፅ አነሣ።

«ማማ ምጎይ ሱቅ። ጎመን አልቋል። ለማን ነበር?»

«እናቴ፣ ከጤና ቢሮ ነው የምደውለው…»

«ገብቶኛል፤ ለማን ነው? ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱም ማታቱ ተሳፍረው መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ሄዱ፤ የቀረውን በሞተር ወጡት። ሙቱንጋ ሁለት ጊዜ ወርዶ መግፋት ነበረበት። የማማ ምጎይ ሱቅ የኮረብታው ጫፍ ላይ ናት፤ ከጤና ጣቢያው የግማሽ ሰዓት ዳገት ከፍ ብላ፣ ከኋላዋ አንድ ትልቅ አለት ቆሞ። በዙሪያው ያሉት መንደሮች ሁሉ ሸለቆ ውስጥ ተወሽቀዋል። ስልክስ ብዙዎቹ አላቸው፤ ኔትዎርክ የሚገኘው ግን እዚህች ሱቅ ላይ ብቻ ነው።

ማማ ምጎይ ሌሶ የሚሉትን ሽርጣቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ጎመን ይከትፉ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ወፈር ያሉ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። ዋኬሾን ትንሽ ትኩር ብለው አዩና ቢላውን አስቀመጡ።

«አንቺ የካርድ ክፍሏ ልጅ አይደለሽም? ያኔ እንዴት ቀጭን ነበርሽ በይ።»

«እኔው ነኝ፣ ማማ» አለች ዋኬሾ። ነገሩን ላለማጥመም እየሞከረች የመጡበትን አስረዳች፦ መቶ አሥራ ሰባት ሰው፣ አንድ ቁጥር፣ አርብ ስድስት ሰዓት። «እና ቁጥርዎን በእነዚህ ሰዎች ሁሉ ካርድ ላይ የሞላውን ሰው ነው የምንፈልገው።»

«የጀመርሽውማ አንቺ ነሽ።»

ሙቱንጋ ሳቁን በሳል አሳለፈው። ዋኬሾ ፊቷ ጋለ።

«እኔ?»

«ኮምፒውተር የመጣላችሁ ጊዜ» አሉ ማማ ምጎይ፣ ዘንጋሽው እንዴ በሚል አስተያየት። «ያቺ ትኩሳት የያዛት እርጉዝ ፊትሽ ቆማ፣ ማሽንሽ ስልክ ቁጥር ካልሰጣችሁኝ ወደፊት አልሄድም ብሎ ድርቅ አለ። አንቺም እያላበሽ መጨረሻ አለቀስሽ። እኔ ከኋላዋ ተሰልፌ ነበር። የኔን ጻፊው አልኩሽ። ጻፍሽ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውም ለኔም የማማ ምጎይን አለ። ይኸው ነው።»

ትዝ አላት። እንባዋ ሳይቀር ትዝ አላት። በዓመቱ ወደ ከተማ ተዛውራ ሄደች፤ ልማዱ ግን ምቤላ ቀረ፤ ከእሷ በኋላ የመጣውም ጸሐፊ እንደ ደንብ ቆጥሮት ቀጠለ። ስምንት ወር ሙሉ የሰው ስሕተት ስትለቅም የኖረች ሴት ከሁሉም ትልቁን በገዛ እጇ ጽፋው አገኘችው። አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣባት፤ ማማ ምጎይም አብረዋት ሳቁ።

በዚህ መካከል ስልኩ ጮኸ። ማማ ምጎይ መነጽራቸውን ፈልገው መልእክቱን በፊደል በፊደል አነበቡ። ከዚያ ወጥተው አለቱ ላይ ቆሙና እጃቸውን አፋቸው ላይ ደገኑ።

«የምዋሩዋ ሚስት! ችግኝሽ ሐሙስ ይደርሳል!»

ከማዶ ያለች አንዲት ሴት ቀና ሳትል ጩኸቱን ተቀብላ ደገመችው፤ ከእሷ በታች ያለው ሰውም ወደ ሸለቆው አወረደው። ትንሽ ቆይቶ ከታች «እሺ» የሚል ቀጭን ድምፅ ተመለሰ።

«ችግኝም ይሸጣሉ?» አለ ሙቱንጋ።

«የልጇ ክትባት ነው። የሰው በሽታ በአደባባይ ይጮኻል እንዴ? ያሳደገህ የለም?» አሉት። «ዘንድሮ የልጅ ክትባት ችግኝ ነው። እርግዝና ቅርጫት ነው። ግፊት ደግሞ ጨው አልቋል ነው። ባለቤቱ ያውቃል፤ ሌላው ገበያ ይመስለዋል።»

«ዘንድሮ ማለት?»

«ሰው ሲነቃብኝ እቀይረዋለሁ።»

ሙቱንጋ የሚስጥር አጠባበቅ ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ነው። የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ እያለ አሥራ አራት ጤና ጣቢያ ለምኖ፣ የሰማው አንዱ ብቻ ነው። የድንች ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

«ለሁሉም ነው የሚጮኹት?» ብሎ ጠየቀ በመጨረሻ።

«የለም። አንዳንዱን በእግሬ ሄጄ ነው የምነግረው።»

«እነማንን?»

ማማ ምጎይ ከዘለላው አንድ ሙዝ ገንጥለው ሰጡት። «ብላ፣ ልጄ» አሉት። ያንን ጥያቄ ዳግመኛ አልጠየቀም።

ሙዙን ሲጨርስ ልቡም ተለውጦ ነበር። ካርዱ ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ አለ፤ «መልእክተኛ» የሚል። ያኔ ማሽኑ ይሄ ቁጥር የበሽተኛው ሳይሆን የሚያደርስለት ሰው መሆኑን ያውቃል፤ መቶ አሥራ ሰባቱንም መልሶ ይለያቸዋል። ችግሩ ሕጉ ነው። እያንዳንዱ ሰው ራሱ መጥቶ ስሙን ካልተናገረ፣ መልእክቴን እገሌ ትቀበልልኝ ብሎም ካልፈቀደ አይሆንም። የቀረው ደግሞ ሐሙስና የአርብ ግማሽ ቀን ነው።

«ሁሉንም በሁለት ቀን ማን ይሰበስባቸዋል?» አለ።

ዋኬሾ ማማ ምጎይን አየቻቸው። እሳቸው ግን አለቱ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር።

ሐሙስ ከማለዳ ጀምሮ ሰው ከየሸለቆው ፈላ። ዋኬሾ ሰው እንዳይሰማ ብላ ከሱቁ ጀርባ የሶዳ ሣጥን ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ጠየቀች። የሌሉ የተባሉት ሰዎች ሕፃን አዝለው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ አንዷም ምጧ ሊመጣ ሁለት ሳምንት የቀራት ሆዷን ደግፋ መጡ። ሌሊት ወርዶ የነበረው ጭጋግ ገና አልተነሣም፤ ሙቱንጋ ኔትዎርክ ፍለጋ አለቱ ላይ ወጥቶ፣ በማማ ምጎይ ጃንጥላ ሥር ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሠራል።

«ካርዳችንን ደመና ላይ ነው አሉ የምታስቀምጡት» አሉ አዛውንቱ ምዋዲሜ፣ ተራቸው ሲደርስ። «ደመና ፍለጋ ናይሮቢ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? እዚህ በየጠዋቱ በራችን ላይ ይተኛል።»

«አባባ፣ መልእክትዎን ማማ ምጎይ ይቀበሉልዎት? ፈቃድዎ ነው?»

«ሃምሳ ዓመት አብራኝ የኖረችው ሚስቴ ያልያዘችልኝን ሚስጥር ይዛልኛለች። ጻፊ።»

አርብ በአራት ሰዓት መቶ አሥራ ስድስት ሆኑ። ሙቱንጋ ሁለት ጊዜ ወድቆበት የነበረው አዲሱ መስመር ሠራለት፤ ያ ዘጠኝ ጊዜ የወለደው ጉደኛ በሽተኛም ዓይናቸው እያየ ተበትኖ ወደየባለቤቱ ገባ። ሰዎቹ በደስታ አጨበጨቡ፤ ምኑ እንደተፈታ በትክክል ያወቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የቀረው አንድ ካርድ ብቻ ነበር፦ ግላዲስ ምካምቡሪ፣ ሰባ ሦስት ዓመት። ዋኬሾ ስሙን ብቻ ጠራች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ግላዲስ የሚባል የሚያውቅ የለም።

«አንድስ የሌለ ሰው አገኘሁ» አለ ሙቱንጋ፣ ለቀልድ ያህል። ሰዓቱ ግን የቀልድ አልነበረም፤ አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ዋኬሾ ካርዱን እንደገና አየችው። የደም ግፊት መድኃኒት፤ ሦስት ቀጠሮ ተከታትሎ ቀርቷል። ይሄ ነው ያልገባት። ከነዚህ ሰዎች መካከል ቀጠሮ የሚቀር የለም፤ ምክንያቱም የሚጠራቸው አለ። ታዲያ እዚህ ተራራ ላይ ጠሪ የሌለው ማን ነው?

ቀና ስትል ማማ ምጎይ የደረደሩትን ጎመን አፍርሰው እንደገና ይደረድሩ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰው ወደ ሱቁ ጀርባ ሲመጣ እሳቸው አልመጡም። ሴት በልጇ ስም በሚጠራበት አገር ምጎይ የልጃቸው ስም ነው፤ የራሳቸውን ስም ሰው ከጠራው አርባ ዓመት ሆኖታል። ዋኬሾ እንባ እንባ አላት። ለማንም ምንም ሳትናገር አለቱ ላይ ወጣች፤ እንዳየችው እጆቿን አፏ ላይ ደገነች።

«ማማ ምጎይ! ጨውዎ አልቋል!»

ሸለቆው ያንን ስም ከዚያ አለት ላይ ሲጠራ ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ የማዶዋ ሴት እንደ ልማዷ ተቀበለች፤ ከታች ያለው ሰውም ተቀበለ፤ ብዙ ድምፆች እየተቀባበሉ ወደ ባለቤትየዋ መለሱት።

ማማ ምጎይ ቢላቸውን እንደያዙ ቆሙ። «የሚጮኽ ሳንባ አለሽ ለካ» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ከወረድኩ ስልኩን ማን ይጠብቀዋል?» አሉ። ለሦስቱም ቀጠሮ መልሳቸው ይሄ እንደነበረ ዋኬሾ ገባት።

«እኔ እጠብቃለሁ» አለ ሙቱንጋ።

«አንተ መጮኽ ትችላለህ?»

«እሞክራለሁ።»

«ስም እንዳትሳሳት። ቅርጫትና ችግኝም እንዳታምታታ፤ ሰው ታስደነግጣለህ።»

መነጽራቸውን ሳይቀር አስረከቡት። ሌሷቸውን አጠበቁና ወደ ጤና ጣቢያው ከመውረዳቸው በፊት የሶዳ ሣጥኑ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ለስድስት ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ዋኬሾ በመልእክተኛው መስመር ላይ የራሷን ቁጥር ጻፈችና እንደ ሌላው ሁሉ በደንቡ ጠየቀቻቸው።

«ግላዲስ ምካምቡሪ፣ መልእክትዎን እኔ ልቀበልልዎት? ፈቃድዎ ነው?»

«ከከተማ ድረስ ትጮኺያለሽ?»

«እደውላለሁ፤ ካላነሡ መጥቼ እጮኻለሁ።»

«እንግዲያው ጻፊ» አሉ ማማ ምጎይ፤ ቁልቁለቱንም ተያያዙት።