የእህቷ ጉበት

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጉበቴ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በአንድ የታክሲ ጉዞ ምክንያት ነው። ያን ቀን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ተደውሎ፣ ከዕጢ ጋር ተቆርጦ ከወጣ ጉበት ላይ ጤነኛው ቁራሽ እንደተረፈላት ሲነገራት፣ በሰው በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ መሆኗን ረስታ፣ «ጉበቱ ትኩስ ነው? በሉ በረዶ ውስጥ አድርጋችሁ ያዙልኝ፣ እንዳይበላሽ! ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ሥጋ ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አሏት። «ኧረ የሰው ነው አባባ» አለቻቸው በየዋህነት። ሽማግሌው ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ወረዱ። ታሪኩን ለባልደረቦቿ የነገረችው ራሷ ናትና፣ ስሙንም በራሷ እጅ አመጣችው።

የመርዝ ተመራማሪ ናት። ሰው መርዝ ሲባል ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ የራስ ቅል ነው የሚታየው። የእሷ መርዝ ግን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኘው ክኒን፣ የወለል መወልወያው፣ የጫማ ማጣበቂያው ነው። ሰውነት የገባበትን ነገር እንዴት ሰባብሮ እንደሚያስወጣው፣ በስንት ሰዓት እንደሚያስወጣው፣ ሲሰባብረውስ ወደ ባሰ ነገር ይለውጠው እንደሆነ ስትመረምር ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ይህን የሚሠራው ከሁሉ በላይ ጉበት ነው። ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ ሲሏት፣ «ኬሚስትሪ ስለምወድ» ትላለች። መውደዱንስ ትወዳለች። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

አምስት ዓመት የምትበልጣት እህት ነበረቻት። ከጠዋት እስከ ማታ ስለምታፏጭ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ፊሽካ» ይላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ እናታቸው ከስፌት መኪናው ቀና ብላ፣ «ኧረ ጆሮዬን! አንቺ ልጅ ፍሬን የለሽም?» ስትላት፣ ፊሽካ ለአንድ ደቂቃ ዝም ትልና ከጓዳ ትቀጥላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት የሳንባ ነቀርሳ ያዛት። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ፣ ክኒኗን ተቀብላ ቤቷ ገባች። በተኛችበት ክፍል አምስት ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ ስድስቱም የተሰጣቸው አንድ ዓይነት ክኒን፣ አንድ ዓይነት መጠን ነው። አምስቱ ዳኑ። የፊሽካ ዓይን ግን በሰባተኛው ሳምንት ቢጫ ሆነ። ዘጠነኛውን ሳምንት አልጨረሰችውም።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቆሞ ለእናታቸው ሲናገር፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ታናሽ እህት ከጀርባ ሆና ሰምታዋለች። «መድኃኒቱን ሰውነቷ አልቻለውም» ነው ያለው። እንግዲህ ያቺ ልጅ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዛ አደገች። አልቻለውም ማለት ምን ማለት ነው? አምስቱ የቻሉትን እሷ ለምን አልቻለችም?

መልሱ ያገኛት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ግማሹ ተማሪ በሚያንቀላፋበት ክፍል ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ፣ ሰዎች መድኃኒት የሚያስወግዱበትን ፍጥነት የሚያሳይ፣ ጎንና ጎን ሁለት ጉብታ ያለው ግራፍ ሣለ። «እዚህኛው ጉብታ ላይ ያለ ሰው ይህን መድኃኒት በአንድ ሰዓት ግማሹን ያስወግደዋል። እዚያኛው ላይ ያለው ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ከወላጅ የወረሱት ነው። ችግሩ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ክኒን መስጠታችን ነው» አለ፤ የመድኃኒቱንም ስም ጻፈ። የፊሽካ ክኒን ነበር። ደብተሯን ሳትዘጋ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የዚያን ቀን ያለቀሰችው እህቷ የሞተች ዕለት ካለቀሰችው ይበልጣል።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ መፈለግ ጀመረች፤ ፊሽካ የትኛው ጉብታ ላይ ነበረች? ወደ ሆስፒታሉ ሄዳ የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ ለመነች። ሰውየው መዝገቡን አገላብጦ፣ «እህቴ፣ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነው ተቃጥሏል። ቦታ የለንም እኮ» አላት። የደም ጠብታም ሆነ ሌላ የቀረ ነገር አልነበረም።

የቀረው ዘመድ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ የፊሽካን ክኒን የሚሰባብረው ያው የጉበት ኢንዛይም የሚያስወግደውን ሌላ፣ ጉዳት የሌለው ክኒን ይዛ ቤት መጣች። ክኒኑ ይዋጣል፣ ሽንት ይጠራቀማል፣ ውጤቱ ከሽንቱ ይነበባል። ያኔ ገና ታክሲ መንዳት የጀመረው ታናሽ ወንድሟ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እናቷም ጠርሙሱን ስትቀበል፣ «ዓይኔ እስኪፈዝ ሰፍቼ ያስተማርኩሽ ሽንት ልትለቅሚ ነው?» አለች። ክኒኑን ግን ወዲያው አልዋጠችውም። መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች።

የውርሱ ሕግ ቀላል ነው። ከአንዱ ወላጅ እንኳ ፈጣኑን ኢንዛይም የወረሰ ፈጣን ይሆናል፤ ቀርፋፋ ለመሆን ግን ቀርፋፋውን ከሁለቱም መውረስ ያስፈልጋል። የእናቷ ውጤት ቀርፋፋ መጣ። የእሷ ፈጣን፣ የወንድሟ ደግሞ ቀርፋፋ። እንግዲያው ከብዙ ዓመት በፊት የሞተው አባታቸው ሁለቱንም ይዞ ኖሯል፤ ለእሷ ፈጣኑን፣ ለወንድሟ ቀርፋፋውን ሰጥቷል። ለፊሽካስ? ግማሽ በግማሽ። ወረቀቱን ይዛ ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ቆመች። ሳይንሱ እስከ እህቷ በር ድረስ አድርሷት፣ በሩ ላይ ሳንቲም ወርውሮ ትቷት ሄደ። ደግሞም ቀርፋፋ የሆነ ሁሉ በክኒኑ አይጎዳም፤ ወንድሟና እናቷ ራሳቸው ቀርፋፋ ናቸው። ለእናቷ ምንም ሳትነግራት ቀረች። ምን ብላ ትንገራት?

ግን ሥራው አንዴ ይዟታል። ከቀዶ ሕክምና የተረፈ ጉበት እየለመነች፣ በዓመታት ከሁለት መቶ በላይ ከሚሆኑ ሰዎች ናሙና አሰባሰበች። እያንዳንዱን እየፈጨች፣ በየመድኃኒቱና በየኬሚካሉ እየፈተነች፣ ማን ፈጣን ማን ቀርፋፋ እንደሆነ ጻፈች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ግን የኬሚካል አደጋ ግምገማ ክፍል ኃላፊ ተደረገችና ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች። ሹመት ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ ተባለች። ቢሮው ሰፊ ነው፣ መጋረጃም አለው። እሷ ግን ጓንቷን ናፈቀች። ጠብታ የሚለካው መሣሪያ አውራ ጣቷ ሥር ቀጭ ሲል ናፈቃት፤ የማሽኑ ጉርምርምታ፣ የአልኮሉ ሽታ ሳይቀር ናፈቃት። አሳንሰሩ እየሠራ በደረጃ የምትወርደው ባልደረቦቿ ለጤናዋ አስባ ይመስላቸዋል። በላብራቶሪው በር ለማለፍ ነው።

በዚያ ሹመት አራተኛ ዓመቷ ላይ፣ የጫማ ማጣበቂያ ውስጥ የሚገባ አንድ ማቅጠኛ ኬሚካል ለግምገማ ቀረበ። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው ነገር ነው። ወጉ እንዲህ ነው፤ ሰውን የማይጎዳው መጠን ከታወቀ በኋላ፣ የሰው ሁሉ አካል አንድ ስላልሆነ ቁጥሩ ለአሥር ይካፈላል። ያቺ አሥር ለደካማው፣ ለቀርፋፋው የተተወች ቦታ ናት። ጉበቴ ግን በራሷ ናሙናዎች ውስጥ ማቅጠኛውን ከሌላው ሰው አሥራ አራት ጊዜ ዘግይተው የሚያስወግዱ አግኝታለች። ለሃያ ይካፈል ብላ ጻፈች።

የማጣበቂያ አምራቾቹ አማካሪ ጨዋ ሰው ናቸው። በግምገማው ስብሰባ ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዶክተር፣ ለሁለት ለሦስት ሰው ብለን ፋብሪካ እንዝጋ ነው የሚሉን?» አሉ።

«ዝጉ አላልኩም። መስኮት ክፈቱ፣ አየር መሳቢያ ግጠሙ ነው ያልኩት።»

«ቢሆንም፣ ሁለት ሦስት ሰው—»

«ከመቶ ነው ሁለት ሦስቱ። እርስዎ ያሉበት ፋብሪካ አራት መቶ ሰው አለው። ቀሪውን እርስዎ ያስሉት።»

ሰብሳቢው፣ «ጉበቴ... ይቅርታ፣ ዶክተር፣ ትንሽ እንረጋጋ» ሲሉ ሁሉም ሳቀ፤ ሳቁም ነገሩን አላላው። ከሦስት ስብሰባ በኋላ አሥራ አምስት ላይ ተስማሙ። አሥራ አራት ጊዜ የሚዘገዩት ለጥቂት ተሸፈኑ። ባልደረቦቿ ጨበጧት። እሷ ግን ወደ ቢሮዋ ገብታ ስልኳን አነሳችና፣ ለማን ልትደውል እንደነበር ስታስብ መልሳ አስቀመጠችው። ፊሽካ ብትኖር ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላት ፊሽካ ምን ትመስል እንደነበር ልትስል ሞክራ አቃታት፤ የሚመጣላት የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ብቻ ናት።

ቅዳሜ እናቷ ዘንድ ሄደች። እናቷ ሰማንያ አልፏታል፤ የስፌት መኪናው ዛሬም መስኮቱ ሥር ነው።

«ምነው ፊትሽ?»

«አሸነፍኩ እማዬ።»

«ሲያሸንፉ እንዲህ ነው እንዴ?» አለችና፣ «ለመሆኑ ያ የወሰድሽው ሽንቴ ምን ሆነ? ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እየጠበቅሁ ነው» አለቻት።

ልትስቅ ነበር፤ የእናቷን ዓይን ስታይ ተወችው። ሁሉንም ነገረቻት፤ ጉብታዎቹን፣ አባቷን፣ ግማሽ በግማሹን። እናቷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ክኒኑን አልፈልግም ብላ ነበር» አለች ከዚያ። «ያቅለሸልሸኛል እማዬ፣ ይቅርብኝ አለች። ልጅነት ነው ብዬ አፏን ይዤ አስዋጥኳት። በየቀኑ። እኔ ነኝ ያስዋጥኳት።»

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት! በአንድ ቤት፣ በአንድ ሐዘን ውስጥ ኖረው፣ እናቷ ይህን ለማንም ሳትተነፍስ ተሸክማው ኖራለች። ሁለት መቶ ጉበት የፈተነች ሴት፣ ሁሉንም ረስታ መሬት ላይ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ስሚኝ። የታዘዘውን ነው የሰጠሻት። ሳትወስደው ብትቀር ሳንባዋ ይገድላት ነበር። ማቅለሽለሹ ጉበቷ የመጎዳቱ ምልክት ነበር፤ ምልክቱን ግን ማንም አልነገረሽም። መንገር የነበረባቸው እነሱ ናቸው።»

«ዛሬ ለእናቶች ይነግሯቸዋል?»

«ይነግሯቸዋል። የሕመምተኛውንም ደም ይመረምራሉ።»

«እሰይ» አለች እናቷ፤ «ለእኔ ግን አልነገሩኝም» አለች። ሁለቱም የቀረ እንባቸውን አለቀሱ።

በሳምንቱ፣ «እስቲ ይሄ የምትሠሪበትን ቦታ አሳዪኝ» አለች እናቷ። ወንድሟ በታክሲው አደረሳቸው፣ «እኔ ሽንቴን አስቀድሜ ሰጥቻለሁ፣ አልገባም» ብሎም ውጭ ቀረ። ጉበቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነጭ ጋዋኗን ለበሰች፤ እናቷንም አለበሰቻት። ጋዋኑ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ። እናቷ የጠርዙን ስፌት ገልብጣ አየችና፣ «ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» አለች። ከዚያ የትልቁ ማቀዝቀዣ በር ተከፈተ፤ ነጭ ብርድ እንደ ጉም ፈሰሰ፤ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ብልቃጦች ታዩ።

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች ናቸው?»

«ከሰው የተወሰዱ ናቸው።»

«ስም የላቸውም?»

«ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው።»

«ነፍሳቸውን ይማር።»

«ኧረ እማዬ፣ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ እኮ!»

«እንግዲያው ዕድሜ ይስጣቸው» አለች እናቷ፣ ቅር ሳይላት። ዓይኗን ከብልቃጦቹ ሳትነቅል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የእሷን የሚመስል አለ?» ብላ ጠየቀች።

ጉበቴ ወፍራሙን ጓንት አጠለቀች። ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ብልቃጥ አወጣች፤ የሃያ ዓመት ሴት፣ ቀርፋፋ። ቀጥላ አጠገቡ ያለውን አወጣች፤ እሱም የወጣት ሴት ነው፣ ግን ፈጣን። ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ወይ ይሄኛውን፣ ወይ ይሄኛውን» ብላ እናቷ ፊት አቀረበችላት። እናቷ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን አየች። ልትነካቸው እጇን ዘረጋች።

«አይነካም እማዬ፣ ብርዱ ያቃጥላል።»

እጇን ሰበሰበች። ማቀዝቀዣው በሩ ብዙ ተከፍቶ በመቆየቱ መጮህ ጀመረ፤ ጉበቴ ግን እናቷ አይታ እስክትጠግብ ጠበቀች።