የተሞከሩት ማጥፊያዎች

የእንጨት ሥራ ድርጅቱ ሠራተኞች የንብረት ክፍል ኃላፊውን በፊቱ «ጋሼ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ግን «ጋሽ እስቲ» ነው። ቅጽል ስሙ የመጣው ከገዛ አፉ ነው። ሚስማር ሲገባ «እስቲ ክፈተው»፣ ሙጫ ሲገባ «እስቲ ላሽትተው» ይላል፤ ጉንፋን ይዞት ፈቃድ የሚጠይቀውን ሰው እንኳ «እስቲ ሳልልኝ» ይለዋል። አንድ ኪሎ የተባለ ሚስማር አንድ ኪሎ መሆኑን ከሚዛን ካልሰማ አያምንም። ሚዛኑን ራሱን ደግሞ በየሳምንቱ በሌላ ሚዛን ይፈትሻል። ሌላኛውን በምን እንደሚፈትሽ የጠየቀው የለም፤ ቢጠይቁትም «ለምን ፈለግከው?» ብሎ ጠያቂውን ሲጠረጥር ይሰነብት ነበር።

ክፉ ሰው አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ከመጋዘኑ አንዲት የበር ማጠፊያ ጠፍታ አታውቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት እንደ ጸሎት ይደግማታል። ሰውን ሁሉ እኩል ቢጠረጥር ኖሮ ባልከፋ ነበር፤ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው ግን የእናቱን ልጅ፣ ታናሽ ወንድሙን ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። አባታቸው በሞቱ ሳምንት የእጅ ሰዓታቸው ከመሳቢያ ጠፋ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የጋሽ እስቲ ዓይን ግን ታናሹ ላይ ዐረፈ። ኪሱን ፈተሸ፣ ፍራሹን ገለበጠ፣ ምንም አላገኘም። አለማግኘቱንም የልጁ ተንኮል ማስረጃ አድርጎ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ልጁ አደገ፣ ሙያ ተማረ፣ የእሳት ማጥፊያ የሚሞላበትና የሚጠግንበት ሱቅ ከፈተ፣ ሰው አክብሮት ኖረ። በትልቁ ልብ ውስጥ ግን ያ መሳቢያ እንደተከፈተ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ጎረቤት ያለ የሶፋ መሥሪያ ቤት ተቃጠለና የድርጅቱ ባለቤት ደነገጡ። ሠራተኛው «እትዬ» የሚላቸው ቆፍጣና ሴት ናቸው። ጋሽ እስቲን አስጠሩት።

«ማጥፊያ ያስፈልገናል። ያንተ ወንድም የዚህ ሥራ ባለሙያ ነው አሉኝ። እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«አይ እትዬ፣ ዘመድ አዝማድ ሥራ ላይ ባይገባ ብዬ ነው።»

«ዘመድ መሆኑ ምን ይጎዳል? እንዲያውም አያታልልህም።»

ጋሽ እስቲ «እሺ» ብሎ ወጣ። እሳቸው የማያውቁትን እሱ ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል።

ወንድሙ ዘጠኝ ቀያይ ሲሊንደሮች በፒክአፕ ጭኖ መጣ። ከመስቀሉ በፊት ክፍሉን ሁሉ እየዞረ አየ። የመሰንጠቂያውን ማሽን ዙሪያ፣ የቫርኒሹን ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን፣ ቢሮውን። ጋሽ እስቲም ከኋላው ከኋላው ተከተለው፤ እጁን ነበር የሚያየው።

«ወንድምጋሼ፣ ማጥፊያ ሁሉ አንድ አይደለም» አለው ታናሹ። «ሰጋቱራና ቫርኒሽ ያለበት ዱቄቱ ነው የሚሆነው። ስምንቱ ዱቄት ናቸው። ይኼ አንዱ የጋዝ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ጋ ይሰቀላል። ሰጋቱራ ላይ እንዳትጠቀሙበት፣ እየነፋ ይበትነዋል። አፉንም በባዶ እጅ እንዳትይዙት፣ ብርዱ ቆዳ ይልጣል። ሁሉም በር በር ላይ ይሁን፤ ከማሽኑ ጀርባ ከሰቀላችሁት እሳቱን ተሻግራችሁ ልታመጡት ነው።»

«አጠቃቀሙስ?»

«እጀታውን የቆለፈውን ፒን ትነቅላለህ። ጎማውን ወደ እሳቱ ሥር ታዞራለህ፤ ወደ ነበልባሉ አይደለም፣ ወደ ሥሩ። እጀታውን ተጭነህ ግራ ቀኝ ትጠርጋለህ። ጀርባህ ወደ በሩ ይሁን፣ እንቢ ካለህ እንድትወጣ።»

«ሙሉ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«አንገቷ ላይ ያለችውን የግፊት መለኪያ መርፌ ተመልከታት፣ አረንጓዴው ላይ ናት። በየወሩ እየመጣሁ አያታለሁ።»

«መርፌ በሙጫም ይቆማል።»

ታናሹ ሳቀ። ጋሽ እስቲ ሳቁንም መዘገበው።

ሊሄድ ሲል ከመኪናው አሥረኛ ሲሊንደር አወረደ። «ይኼ የሚስትህ ነው፣ የእታለም፤ ከኔ ስጦታ። ማድ ቤቱ በር ላይ ስቀሉላት። ዘይት ከተቀጣጠለባት ግን አስቀድማ ምድጃውን አጥፍታ ድስቱን ትክደን፤ ውኃ እንዳትደፋበት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያመሰግናል። ጋሽ እስቲ ግን ጠረጠረ። ሰው በነጻ አንድ የሚሰጠው ሌሎቹ ዘጠኙ ላይ ምን ቢያደርግ ነው?

ያን ዕለት ዘጠኙንም ሚዛን ላይ አወጣቸው። ጎናቸው ላይ ከተጻፈው ክብደት አንዲት ግራም አልጎደሉም። ለአፍታ ቀለል አለው፤ ወዲያው ደግሞ «አሸዋም ይመዝናል» አለ ለራሱ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሠራተኛው ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፈና የመጀመሪያውን ከግድግዳ አወረደ። ፒኗን ያሰረችውን ቀይ የፕላስቲክ ክር ቆረጠ፣ ፒኑን ነቀለ፣ ጎማውን ባዶ ጆንያ ውስጥ ከተተ፣ እጀታውን ለቅጽበት ጫን አድርጎ ለቀቀ። ፍስስ! ነጭ ዱቄት ጆንያው ውስጥ ቦነነ። ሁለተኛውም ፍስስ አለ። ስምንቱም እንዲሁ። የጋዙን ግን ቆዳ ይልጣል የተባለው ፈራውና አልነካውም። ሲጨርስ ፒኖቹን መለሰ፤ በቀዩ ክር ፈንታ ከመጋዘኑ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ቆርጦ እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ እየጠመዘዘ አሰራቸው። የፈሰሰውን ዱቄት ጠርጎ፣ ጆንያውን ጥሎ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ የማድ ቤቱንም ጓሮ አውጥቶ ሞከረው። ሚስቱ ያሰጣችው ልብስ ነጭ በነጭ ሆነ።

«ምነው ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አለች ሮጣ ወጥታ።

«ሞከርኩት።»

«እና?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው? ደስ አይልህም?»

ደስ አላለውም፤ ለምን እንደሆነ ራሱም አላወቀም። የሚፈልገውን ነገር ያጣ ሰው ሆኖ ቆመ።

«ለወንድምህ ሞከርኩት ብለህ ንገረው» አለች አንሶላዋን እያራገፈች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። የማታውቀውን ዕቃ መነካካት ደግ አይደለም።»

«ምን ብዬ ነው የምነግረው? አላመንኩህም ብዬ?»

እዚህ ላይ ጋሽ እስቲ በዕድሜው ያላደረገውን አደረገ፤ አመነ። ወንድሙን ሳይሆን የገዛ እጁን ነው ያመነው። እኔ ያጣራሁት ተጣራ ብሎ ሲሊንደሮቹን ዳግም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ወሩ ሲሞላ ታናሹ ሊፈትሽ መጣ። ጋሽ እስቲ የመዳቡ ሽቦ ትዝ አለውና በር ላይ ቀድሞ ተቀበለው።

«አትልፋ፣ እኔ አይቻቸዋለሁ።»

«መርፌዋን አየሃት?»

«አየኋት አልኩህ እኮ!»

«የፍተሻ ካርዱ ላይስ ይፈረም የለ?»

«እፈርማለሁ።»

ፈረመም። በሁለተኛው ወርም፣ በሦስተኛውም ታናሹ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከበር ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ትንሽ ቅር ብሎት «ወንድምጋሼ፣ ሥራዬ እኮ ነው፣ ለአንድ አፍታ ልግባ» ቢለው ጋሽ እስቲ ጥርጣሬው ባሰበት። ይኼ ሰው ለመግባት እንዲህ የሚጣደፈው መጋዘኔ ውስጥ ምን አይቶ ነው?

በአራተኛው ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንዱ አናጢ የብረት ማጠፊያ ሲሞርድ ፍንጣሪው ሰጋቱራ ክምር ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ጢስ ብቻ ነበር። ቀለም ቀቢው ቀድሞ አየና በር ላይ ያለውን ማጥፊያ አነሣ። ፒኑን ነቀለ፣ ወደ እሳቱ ሥር አነጣጠረ፣ ተጫነ። ማጥፊያው እንደ ሽማግሌ አንዴ ሳለና ዝም አለ። ሌላውን አመጡ፤ እሱም ዝም። ሦስተኛውም፣ ሌሎቹም ዝም። አንዱ ግራ ቢገባው የጋዙን አምጥቶ ለቀቀው፤ የጋዙስ ሠራ፣ ግን ፍሙን ነፍቶ በየጥጉ በተነው። ተሠርተው የተደገፉ በሮች ተቀጣጠሉ፤ ቀለም ቀቢው እነሱን ሊያሸሽ ገብቶ ግራ ክንዱ ተቃጠለ። በመጨረሻ በበርሜል ውኃና በተነከረ ጆንያ እየተረባረቡ አጠፉት።

ጢሱ ገና ሳይወጣ ጋሽ እስቲ በሰው መሐል ቆሞ ጮኸ።

«ሸጠልን! ባዶ ቆርቆሮ ሸጠልን! የገዛ ወንድሜ ነው፣ ሌባ ነው፤ ድሮም ሌባ ነበር!»

ያን ቅዳሜ ያያት ነጭ ዱቄት ትዝ ሳትለው ቀርታ አይደለም። ትዝ አለችው። ግን ወዲያው ምክንያት አበጀላት፤ ከላይ ትንሽ ዱቄት አድርጎ ከሥር አሸዋ ሞልቶታል፣ ለሚሞክር ሰው የተዘጋጀ ነው አለ በልቡ። የተጠራጣሪ ልብ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

እትዬ ወንድሙን አስጠሩት። ሲገባ አናጢዎቹ ከበቡት፤ አንዱ ኮሌታውን ያዘው። «የሰው ክንድ አስቃጠልክ እኮ!» አለው። ታናሹ የቀለም ቀቢውን ክንድ አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ቆይ፣ ልቀቁኝ። ያልተነሣ አለ?» አለ።

የቢሮው በር ላይ ያለችውን ማንም አላነሣትም ነበር። አወረዷት። መርፌዋ ዜሮ ላይ ወድቃለች። ታናሹ ፒኗን ያሰረውን ሦስት ጊዜ የተጠመዘዘ የመዳብ ሽቦ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ቁልፍ አውጥቶ አንገቷን ፈታና በሁሉም ፊት ጋዜጣ ላይ ገለበጣት። ዱቄቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ጋዜጣውን አልፎ ወለሉን ሞላው።

«ዱቄቷ ሙሉ ነው» አለ ታናሹ። «ያለቀው የሚገፋው ነፋስ ነው። ዱቄት ማጥፊያ አንዴ ከተነካ፣ ለቅጽበትም ቢሆን፣ ዱቄቱ አፏ ላይ ይሰነቀርና አትዘጋም። ቀስ እያለች ትተነፍሳለች። ከተነካች እንደገና መሞላት አለባት።»

እትዬ ወደ ሠራተኛው ዞሩ። «ማነው የነካው?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። «ከናንተ ውጭ እዚህ የሚገባ የለም» አሉ እትዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እሳት ማጥፊያ ላይ የተጫወተ ሰው ነገ እዚህ ደጃፍ አይታይም። ተናገሩ!»

«እትዬ» አለ ታናሹ፤ ወንድሙን ቀና ብሎ ሳያይ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳስረክብ እንዳትሞክሯቸው ብዬ አላስጠነቀቅኩም። በየወሩ ማየትም የኔ ሥራ ነበር። ሌላ ሰው አይጠየቅ።»

ጋሽ እስቲ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ምን ፈልጎ ነው?» የሚል ነበር። ምን ሊጠይቀኝ ነው ይኼን የሚሸፍንልኝ? ከዚያ የራሱን ሐሳብ ራሱ ሰማው። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ያመነው የለም። «ምን አልክ?» አሉት እትዬ።

«ስምንቱንም የተጫንኩ እኔ ነኝ። ባዶ ናቸው ብዬ ጠርጥሬ። እሱ ሊያይ ሲመጣም ያላስገባሁት እኔ ነኝ። ካርዱ ላይ ሳላይ የፈረምኩም እኔ ነኝ።»

ቀለም ቀቢው ክንዱን በእርጥብ ጨርቅ እንደያዘ አየው። ከዚያ ፊቱን አዞረበት፤ ቢሰድበው ይሻለው ነበር። እትዬ ለታናሹ «ወስደህ እንደገና ሙላልን» አሉት። ለጋሽ እስቲ «አንተ ነገ ጠዋት ቢሮዬ» ብቻ ብለው ገቡ።

ታናሹ ሲሊንደሮቹን ፒክአፑ ላይ መጫን ጀመረ። ጋሽ እስቲ ሊያግዘው አንዱን አነሣ።

«የቤቱንስ ሞክረኸዋል?» አለው ታናሹ።

«የቤቱንም።»

«እንግዲያው እሱንም ዛሬውኑ አምጣው። እታለም ባዶ ነገር አምና እንዳትቀመጥ።»

የመጨረሻውን ጭኖ ገመዱን አጠበቀ። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍቶ ቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አልተቆጣም፣ የሚጠይቅ ነበር።

«ወንድምጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስምንቱንም በእጅህ ሞከርክ። ስምንቱም ሲሠሩ በዓይንህ አየህ። ታዲያ ዛሬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ ያልከኝ ምን አይተህ ነው?»

ታናሹ የመኪናውን በር እንደያዘ ትንሽ ጠበቀው፤ ከዚያ ገባና ሞተሩን አስነሣ።